ጎራዴውን ለቆራሌ ከመስጠታችሁ በፊት

ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከካራ ቆሬ ነው። ካራ የሚሰበስብ ሰው ካራ ቆሬ ገባ ብላችሁ እንዳትስቁ፤ ጓደኞቼ ስቀው ስቀው ሰልችቷቸዋል። ለነገሩ የሰፈራችን «ካራ» ከቢላ ጋር ዝምድና የለውም። በኦሮምኛ መንገድ ማለት ነው።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። ባለፈው ሰሞን በዚሁ ገጽ ላይ አንድ አንባቢ የጻፉትን አየሁ። ቤቱ ጎራዴና ጩቤ የሚያከማች ሰው ልቡ ውስጥ የሆነ ነገር አለ፣ ጎረቤትም ፖሊስም ሊያውቀው ይገባል ይላሉ። በሰንጢ ስለሚዘርፉ ልጆች የጻፉት እውነት ነው። እኛም ሰፈር ስልክ ለመቀማት ሰንጢ የሚያወጡ ልጆች አሉ፤ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላ ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ የሚገባውን መንገድ ብቻዬን አልደፍረውም። በዚህ አልከራከርዎትም። ግን እኔና ያ ልጅ የምንገናኘው ስለት ላይ ብቻ ነው። እሱ ኪሱ ከቶ ይወጣል። እኔ ዘይት ቀብቼ፣ በጨርቅ ጠቅልዬ፣ ሳጥን ውስጥ እቆልፋለሁ። ቁልፉም ባለቤቴ ጋ ነው ያለው፤ እሷ ካልፈቀደች የራሴን ጎራዴ አላይም።

ያለኝ በጠቅላላው 23 ነው። አራት ጎራዴ፣ ሁለት ሾተል፣ አንድ ጊሌ የሚባለው የአፋር ጩቤ፣ የተቀረው የሥጋ ካራና የኪስ ቢላ ነው። አንዳቸውም ሰው ነክተው አያውቁም፤ እኔ ጋ ከመጡ ወዲህ ማለቴ ነው። ከዚያ በፊት ምን እንደሠሩ አላውቅም። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝም ይኼው አለማወቅ ነው።

የጀመርኩት ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት ነው። እሑድ ጠዋት በራችን ላይ «ቆራሌው!» ይላል አንድ ልጅ። አሮጌ ድስት ልሰጠው ስወጣ ከማዳበሪያው አፍ የቀንድ እጀታ ብቅ ብሎ አየሁ። ሳብ ሳደርገው ክንድ ከስንዝር የሚሆን ጎራዴ ወጣ። ዝገት በዝገት። ስንት ነው ብለው በኪሎ ሊመዝንልኝ ሚዛኑን አወጣ። ጎራዴ በኪሎ! 150 ብር ሰጠሁት፣ «ጋሼ ብረቱ ከባድ ነው፣ ጨምሩበት» አለኝ፣ ጨመርኩለት። ከየት አመጣኸው ስለው «ከላይ ሰፈር፣ ቤት እያፈረሱ ነበር» አለ። የማን ቤት? አያውቅም። ሰውየው ማን ነበሩ? አያውቅም። ከድስትና ከምጣድ ክዳን ጋር አብሮ ነው የሰጡት።

ቀጥሎ የሠራሁትን ስናገር አሁንም ያሳፍረኛል። ደስ ብሎኝ ሱቅ ሄጄ ብርጭቆ ወረቀት ገዛሁ። ሻካራውን። በረንዳ ላይ ቁጭ ብዬ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ፈገፈግኩት። ዝገቱ ለቀቀ፣ ብረቱ እንደ መስታወት አበራ፣ ልጆቼን ጠርቼ አሳየኋቸው። ከዚያ ጸሐይዋ ዘንበል ስትል፣ ብረቱን አጋድሜ ሳየው፣ እጀታው አጠገብ ፊደል አለ። «ሞ» አለ። ቀጥሎ «ዐ» አለ። ከዚያ በኋላ የኔ ጭረት ብቻ ነው። ከፊደሉ በላይ ደግሞ ጥፍር የሚመስል ነገር ቀርቷል፣ የአንበሳ እግር ነው። «ሞዐ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ» የሚለው ጽሑፍ ከነአንበሳው እዚያ ነበር። መቶ ዓመት የማያንሰውን ነገር በ20 ብር ወረቀት አጠፋሁት ማለት ነው። ማታ እራት አልበላሁም። ባለቤቴ የታመምኩ መስሏት ነበር።

ስለዚህ ለማንም ሰው የምለው የመጀመሪያ ነገር፣ አሮጌ ጎራዴ ካገኛችሁ እባካችሁ አትፈግፍጉ። ቀዩ ዝገት ነው የሚበላው፤ እሱን ነጭ ጋዝ ነክሮ በወፍራም ጨርቅ ቀስ እያሉ ማስለቀቅ ይቻላል። ጥቁሩ ግን ተዉት፣ እሱ የዕድሜው ቆዳ ነው። ከዚያ የልብስ ስፌት መኪና ዘይት ስስ አድርጎ መቀባት ይበቃል። ምላጩን በባዶ እጅ አትዳስሱት፣ ላባችን ጨው ስለሆነ የጣት አሻራችን ሳይቀር ዝጎ ይታያል። ሰገባው ውስጥም አታኑሩት። ይህ ብዙ ሰው የማያውቀው ነው። ቆዳ እርጥበት ይይዛል፣ ሲለፋ የገባበት ነገርም ብረት ይበላል። ሰገባው ለብቻ፣ ብረቱ ለብቻ።

ያን ቀን ካጠፋሁት ፊደል በኋላ ነው ማንበብና መጠየቅ የጀመርኩት። ያኔ ገና ጎራዴና ሾተል አንድ ይመስለኝ ነበር። ጎራዴ ለስለስ ያለ ቁልምም አለው፣ ስለቱ በአንድ ወገን ነው። ሾተል ግን እንደ ማጭድ የታጠፈ ነው፣ በሁለቱም በኩል ይቆርጣል፣ የታጠፈበትም ምክንያት ተቃራኒው ጋሻ ቢይዝ እንኳ በጋሻው ዳር ዞሮ እንዲደርስበት ነው። ሾተል ይዛችሁ ቆማችሁ ስታዩት ይገባችኋል፤ ሚዛኑ ወደ ፊት ይጎትታል፣ ለመከላከል የማይመች፣ ለማጥቃት ብቻ የተሠራ ነገር ነው። ሌላው፣ የድሮ ፎቶ ስታዩ ልብ በሉ፣ አባቶቻችን ጎራዴ የሚታጠቁት በቀኝ በኩል ነው። የፈረንጅ ወታደር በግራው ነው የሚታጠቀው። ፎቶው ተገልብጦ የታተመ የሚመስላቸው አሉ። አልተገለበጠም። በዓድዋ በዓል ላይ ጎፈርና ለምድ ለብሰው ጎራዴውን በግራ የታጠቁ ወጣቶች ሳይ ጠጋ ብዬ «ልጄ፣ አዙረው» ማለት ያምረኛል፤ አንዴ ብዬ ተቆጥተውኛል።

እና ደግሞ ከጎራዴዎቹ ብዙዎቹ ብረታቸው የመጣው ከጀርመን ነው። ዞሊንገን ከምትባል ከተማ። የእኛ ነገሥታት እያዘዙ፣ አንበሳውም አማርኛውም እዚያው ተቀርጾበት ይመጣ ነበር። በኋላ የእንግሊዙ ዊልኪንሰንም ለቤተ መንግሥት ሠርቷል። እጀታውንና ሰገባውን እዚህ የእኛ ባለእጆች ያለብሱታል። ይህን ስናገር ቅር የሚላቸው አሉ፣ «ታዲያ የእኛ አይደለም ማለት ነው?» ይሉኛል። የእኛ ነው እንጂ። ጠመንጃውስ የማን ሥራ ነበር? የእህቴ ልጅ ከውጭ ያመጣልኝ ቀይ የስዊስ የኪስ ቢላ አለኝ፣ ያው የወታደር የሚባለው። ስዊሶች በ1891 እ.ኤ.አ. ለወታደሮቻቸው ማደል ሲጀምሩ የመጀመሪያዎቹ የተሠሩት እዚያው ዞሊንገን ነው። ስዊሶቹ በዚህ ሲያፍሩ አላየሁም።

ስለ ግዢም ትንሽ ልበል፣ ምክንያቱም የሚታለሉ አሉ። እኔም ተታልያለሁ። ለቱሪስት በሚሸጥበት አካባቢ «የዓድዋ ነው» የማይባል ጎራዴ የለም። ከብረት በር ትራፊ ተቆርጦ፣ አሲድና ጨው ተቀብቶ፣ አፈር ውስጥ ከርሞ ይወጣል። ዝገቱ ሁሉም ቦታ እኩል ከሆነ ጠርጥሩ። አሮጌ ዝገት እኩል አይሆንም፤ እጅ የሚበዛበት ቦታ ሌላ ነው፣ ጫፉ ሌላ ነው፣ ሰገባው የተቀደደበት ቦታ ሌላ ነው። በጥፍራችሁ መታ አድርጉት፣ ደህና ብረት ይጮኻል፣ የቆርቆሮ ዘር ዱብ ይላል። እጀታው ላይ ያለውን ምስማር እዩ፣ ትናንት የተመታ ምስማር ራሱን ይናገራል። ደግሞ ሻጭ ሁሉ ቀንዱን «የአውራሪስ ነው» ይላችኋል፣ ዋጋ ለመስቀል። አብዛኛው የበሬ ወይም የጎሽ ነው። የበሬ ቀንድ ውስጡ ባዶ ነው፤ የአውራሪስ ግን ድፍን፣ እንደ ተጣበቀ ፀጉር ያለ ነው። እውነት የአውራሪስ ከሆነ ደግሞ ጣጣው ይብሳል። የአውራሪስ ቀንድ ከአገር አገር መነገድ ከ1977 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተከለከለ ነው፣ እጀታ ሆኖ የተሠራውም ጭምር።

አሁን የፍተሻውን ታሪክ ልንገራችሁ፤ የዚያ አንባቢ ጽሑፍ ያስታወሰኝ እሱን ነው።

አምና ዓለም ገና አንድ ሰው ጋ ጎራዴ አለ ተባልኩና ሄድኩ። እውነትም አለ፤ ቀይ ቆዳ ሰገባ፣ የቀንድ እጀታ፣ ጫፉ ላይ አሮጌ ሳንቲም ተመትቶበታል። ገዛሁት። በአሮጌ ብርድ ልብስ ጠቅልዬ በገመድ አሰርኩና ሚኒባስ ገባሁ። ረዳቱ «ፋዘር፣ አካፋ ነው እንዴ? የዕቃ ይከፍላሉ» አለኝ። ከፈልኩ። መንገድ ላይ ፍተሻ ነበር። ሁላችሁም ውረዱ ተባለ። ፖሊሱ ብርድ ልብሱን ፈትቶ ሲያየው ፊቱ ተለወጠ፣ የተሳፈረው ሰው ሁሉ ከኔ ራቅ ራቅ አለ፣ አጠገቤ ተቀምጣ ስለ ኑሮ ውድነት ስታወራኝ የመጣችው ሴትዮ እንኳ ልጇን ወደ ጀርባዋ አደረገች።

«አባት፣ ይሄ ምንድነው?»

«ጎራዴ ነው። አሮጌ ነው። እሰበስባለሁ።»

«ምን ያደርግልዎታል?»

ምን ልበል? ሰው ቴምብር ምን ያደርግለታል? ፖሊሱ ሊመዘው እጀታውን ያዘ። ሳበ። አልወጣም። እግሩን ከፈት አድርጎ ሳበ። አልወጣም። ጓደኛውን ጠራ፣ አንዱ ሰገባውን፣ አንዱ እጀታውን ይዞ ተጓተቱ። ውስጡ ዝጎ ተጣብቋል። ቆዳው ሊቀደድ ነው ብዬ ጮህኩ፤ እኔ ራሴ ሰገባውን ይዤ እየለመንኩ ሦስታችን መንገድ ዳር እንጓተታለን። ረዳቱ ሳቀ። ከዚያ ያቺ ሴትዮ ሳቀች። ከዚያ ፖሊሱ ራሱ ሳቀ። «አባት፣ ይሄ ቢወጣ ኖሮ አስርዎት ነበር» ብሎ መታወቂያዬን መዝግቦ ለቀቀኝ። ሚኒባሱ ግን ጥሎኝ ሄዷል፣ የዕቃ የከፈልኩትም አልተመለሰ።

እንደ ቀልድ አወራዋለሁ፤ ያን ቀን ግን ፈርቻለሁ። ፖሊሱ ሥራውን ነው የሠራው። እኔን የቆጨኝ ሌላ ነው። ጎራዴውን የሸጠልኝን ሰው «የማን ነበር?» ብዬ ስጠይቀው መልስ አልሰጠኝም። ወዲያ ወዲህ አየ፣ «የቆየ ነው በቃ፣ ይውሰዱት» አለ። የአያቱ እንደሆነ ገብቶኛል፤ ግድግዳው ላይ በተሰቀለው ፎቶ ውስጥ ያሉት ሽማግሌ የታጠቁት ቀይ ሰገባ ነው። ግን አላለም። ለምን? ፈርቶ ነው። ጎራዴ አለው እንዳይባል፣ እንዳይፈተሽ፣ ስሙ እንዳይነሳ። ስለዚህ ብረቱን ሸጦ ስሙን አስቀረ።

የኔ ነጥብ ይኼ ነው። የጽሑፉ ባለቤት እንዳሉት ስለት ያለው ሰው ሁሉ ተጠርጣሪ ሲሆን፣ ሌባው ሰንጢውን አይጥልም። የሚጥለው የአያቱን ጎራዴ ቁም ሳጥን ላይ ያስቀመጠው ሰላማዊ ሰው ነው። ለቆራሌ ይሰጣል፣ ወይም በጨለማ ይሸጣል፣ ወይም ጉድጓድ ውስጥ ይጥላል። ከዚያ ጎራዴው የማን እንደነበር፣ የት እንደዋለ፣ ማይጨው ይሁን አርበኝነት፣ ወይስ ለሠርግ ብቻ የሚታጠቁት ነበር፣ ማንም አያውቅም። ታሪኩ የተቆረጠ ጎራዴ ደግሞ የዕቃ ቤት ብረት ነው። እኔ ራሴ ከ23ቱ የባለቤቱን ስም የማውቀው የሦስቱን ብቻ ነው።

ጃፓኖች እንዴት እንደሚያደርጉት አንብቤ ቀናሁ። የእነሱ ሕግ እጅግ ጥብቅ ነው፤ ሰይፍ እንደ ልብ ይዞ መዞር የለም። ግን አንድ ሰው የአያቱን ቤት ሲያጸዳ ጣሪያ ሥር ሰይፍ ቢያገኝ ለፖሊስ ያስታውቃል፣ ከዚያ ባለሙያዎች አይተውት የምዝገባ ወረቀት ይሰጠዋል። ወረቀቱን የሚሰጠው ፖሊስ አይደለም፣ የአካባቢው የትምህርት ቦርድ ነው። ትምህርት! ሰይፉ በጥበብ ሥራነቱ ነው የሚመዘገበው። ከዚያ በኋላ ወረቀቱ ከሰይፉ አይለይም፤ ሲሸጥም ሲወረስም አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ሰው አይደበቅም። አዳዲስ ሰይፍ የሚሠሩ ባለሙያዎችም አሉ፣ ፈቃድ አላቸው፣ ጥራቱ እንዳይወርድ በወር ከሁለት ረጅም ሰይፍ በላይ እንዲሠሩ አይፈቀድላቸውም።

እኛም ሕግ የለንም አይደለም። የቅርስ ጥናትና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 209/1992 አለ። ቅርስ በግለሰብ እጅ ሊሆን እንደሚችል ያውቃል፣ እንዲመዘገብ ይላል፣ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል። ጥሩ ነው። ግን እኔ አንዱን ጎራዴ ይዤ ላስመዝግብ ብዬ አንድ መሥሪያ ቤት ብሄድ ከክፍል ወደ ክፍል ሦስት ቀን አመላለሱኝ፣ አራተኛው ቀን ላይ አንዲት ልጅ በጎን «አባባ፣ ባያመጡት ይሻላል፣ ይወሰድብዎታል» አለችኝ። ይወሰድ አይወሰድ አላውቅም። ግን ይዤው ተመለስኩ። ቅን ሰው ይህን ካሰበ ሌላው ምን ያስባል?

በ2016 ዓ.ም. የካቲት ላይ፣ ከመቅደላ የተወሰደ ጋሻ እንግሊዝ አገር ኒውካስል ውስጥ ለጨረታ ቀርቦ መንግሥታችን ጠይቆ ከጨረታው እንዲወጣ ተደረገ። ደስ ብሎኛል። በ1860 ዓ.ም. እንግሊዞች ከመቅደላ የዘረፉትን ለመጫን 15 ዝሆንና 200 የሚጠጋ በቅሎ አስፈልጓቸዋል ይባላል፣ አንዱም ቢሆን ተመልሶ ሲመጣ ደስ ይላል። ግን ያን ዜና በሰማሁበት ሳምንት መርካቶ ምናለሽ ተራ ሄጄ የተቆለለ ቁርጥራጭ ብረት መሃል አንድ የተጎመደ የሾተል ጫፍ አይቻለሁ። ሌላውን ክፋይ ፈልጌ ፈልጌ አጣሁት። ማንም ጨረታ አላወጣለትም። ማንም «መልሱልን» አላለም።

በነገራችን ላይ ሙያውም እንዳይጠፋ እፈራለሁ። ወደ ሰበታ በሚወስደው በኩል አንድ ቀጥቃጭ አውቃለሁ፣ ለሥጋ ቤቶች ካራ ይሠራል። የሚሠራው ከመኪና ባሌስትራ ነው፤ ባሌስትራ ጥሩ ብረት ነው፣ ካርቦኑ ለስለት የሚበቃ ነው፣ ሲጠማዘዝ ኖሮ አይሰበርም። ወናፉ አሁን በኤሌክትሪክ ነው፣ የፀጉር ማድረቂያ ሞተር ገጥሞለታል። ብረቱ ሲግል በዓይኑ አያምንም፤ ከተበላሸ ስፒከር ያወጣው ማግኔት በገመድ ተንጠልጥሏል፣ ያስጠጋል። ማግኔቱ ከያዘ ገና ነው። መያዝ ሲያቆም ደርሷል። መጽሐፍ ላይ 770 ዲግሪ ገደማ ይላል፣ እሱ ቁጥሩን አያውቅም፣ ስቶ ግን አላየሁትም። ትንሽ ጨምሮ ያግለዋል፣ ከዚያ የተቃጠለ ዘይት ውስጥ ጭው ያደርገዋል። ጭሱ ዓይን ያጠፋል። በሞረድ ይነካዋል፣ ሞረዱ እንደ ብርጭቆ ላይ ከተንሸራተተ ጠንክሯል ማለት ነው። ግን እንዲህ ከተወው እንደ ብርጭቆ ይሰበራል፤ ስለዚህ መልሶ በለሆሳስ እሳት ያሞቀዋል፣ ብረቱ የገለባ ቀለም እስኪያወጣ። ያኔ ያወጣውና «አሁን ሰው ሆነ» ይላል።

የሱ ካራ እኔ ቤት አራት ዓመቱ ነው፣ ከውጭ በሣጥን ከሚመጣው ባለ ስድስት ቢላ ስብስብ አንዱንም አላስቀርብበትም። ለፋሲካ በጉን ገፍፎ፣ ጎድኑን አውጥቶ፣ ቁርጡን ጨርሶ፣ ሞረድ የሚያየው አንዴ ብቻ ነው። ግን ልጁ ሙያውን አልተማረም። ትምህርት ቤት ስም ሰጥተውት አልቅሶ መጣ አለኝ፤ ምን ስም እንደሆነ ታውቃላችሁ፣ እኔ አልጽፈውም። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያ በሙያው እንዳይሰደብ አዋጅ አስነግረው ነበር። ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው። ቁርጥ ስንበላ ካራውን እናደንቃለን፣ ቀጥቃጩን ግን ልጃችንን አንድረውም።

ከሁሉም የምወደውን ልንገራችሁ፤ የኔ አይደለም። እዚሁ ሰፈራችን አንዲት ትልቅ እናት አሉ። ቡና ሊጠጣ ከመጣ ሰው ሰምተው አስጠሩኝ። አልጋቸው ሥር በነጠላ የተጠቀለለ የባላቸው አባት ጎራዴ አለ። ሳወጣው አንድ ነጥብ ዝገት የለውም። የኔዎቹ በስፌት መኪና ዘይት እንዲህ አላማረባቸውም። ምን አድርገውበት ነው ስላቸው፣ «ምን አደርግበታለሁ ልጄ፣ በየፋሲካው ከበጉ ሞራ እቀባዋለሁ፣ እማማም እንዲሁ ነበር የሚያደርጉት» አሉ። አማታቸውን ማለታቸው ነው። ሊሸጡልኝ ነበር የጠሩኝ፤ ልጆቻቸው ቤቱን አፍርሰው ሊሠሩ ነው፣ «ይህን አሮጌ ነገር ከዚህ አንሺ» ብለዋቸዋል።

አልገዛሁም። ሦስት ስኒ ቡና ጠጣሁ፣ አቦል ቶና በረካ፣ እሳቸው ሲያወሩ እኔ ጻፍኩ። ሰውየው ማን እንደነበሩ፣ ከማን እንደተሰጣቸው፣ በጣሊያን ጊዜ የት እንደቀበሩት፣ ማን እንዳወጣው። ጉድጓዱ የነበረበትን ዛፍ ሳይቀር ነገሩኝ፤ ዛፉ አሁን የለም፣ የመኪና እጥበት ሆኗል። ወረቀቱን ሁለት ቦታ ገልብጬ አንዱን ከጎራዴው ጋር ጠቀለልኩት፣ አንዱን ለትልቁ ልጃቸው ሰጠሁት። ልጁ አነበበው። ሁለተኛ አነበበው። ከዚያ «አንሺ» ማለቱን ተወ። አሁን ሳሎን ይሰቀላል ወይስ አይሰቀልም እየተጨቃጨቁ ነው ይባላል፤ ሚስቱ ለልጆቹ ፈርታለች፣ ልክ ነች፤ ከፍ አድርጎ በመስታወት ሳጥን ቢያደርገው ይሻላል ብያለሁ።

እናም አዘጋጅ ሆይ፣ የምለምነው ቀላል ነው። ቤታችሁ የቆየ ጎራዴ፣ ሾተል፣ ጊሌ፣ የአያት ካራም ቢሆን፣ ካለ፣ ለቆራሌ ከመስጠታችሁ በፊት ቤታችሁ ያሉትን ትልቅ ሰው ጠይቁ። በስልካችሁ ፎቶ አንሱት፣ ፊደል ካለው ፊደሉን ለብቻ አንሱ፣ የባለቤቱን ስም ከፎቶው ጋር ጻፉ። ለኔ ሽጡልኝ አላልኩም። (ካላችሁ ግን አልጠላም።) የሚመለከተው ክፍል ደግሞ ሰው ሳይፈራ የሚያስመዘግብበት፣ አስመዝግቦም ይዞት የሚመለስበት አንድ መስኮት ቢከፍት እኔ የመጀመሪያው ተሰላፊ ነኝ፣ ባለቤቴ ቁልፉን ከሰጠችኝ።

አንድ ነገር ቀረ። ያ የዓለም ገናው ጎራዴ እስካሁን ከሰገባው አልወጣም። በየእሑዱ በአፉ በኩል ሁለት ሁለት ጠብታ ዘይት አደርግለታለሁ፣ ከዚያ ገልብጬ ጥግ አቆመዋለሁ። ከአምስት ወር በኋላ የአውራ ጣት ስፋት ያህል ለቋል። በሚታየው ብረት ላይ የሆነ ነገር ተቀርጿል፤ የክብ ጠርዝ ይመስላል፣ ወይም የዘውድ። ቆዳውን ቀድጄ ባየው አንድ ደቂቃ አይፈጅም፣ ልጄም በየጊዜው መቀስ ያቀርብልኛል። ቆዳውን ሳልቀድ የማወጣበት ዘዴ የሚያውቅ አንባቢ ካለ በዚሁ ገጽ ቢጽፍልኝ፣ አያታቸውን ሸጠው ስማቸውን ያስቀሩት ሰውም ይህን ካነበቡ፣ ስሙን ብቻ ቢልኩልኝ።

ከአክብሮት ጋር
ካራ ሰብሳቢው፣ ከካራ ቆሬ